የአውራ ጣት ፊርማ

«ከእኛ ዘር እንዲህ ያለ ደም የለም» አሉ አማቷ፣ በሐኪሟ ፊት ምራታቸውን በአገጫቸው እያመለከቱ። «ልጄን ትልቀቅልኝ። ልጇን ይዛ ወደ ወላጆቿ ትሂድ።» ባሏ መሬት መሬቱን ያያል።

ሐኪሟ የሦስት ዓመቷን ሕፃን እጅ እንደያዘች በትዕግሥት ደገመችላቸው።

«እማማ፣ በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራ ራይቦዞም የሚባል ነገር አለ። የእሷ ራይቦዞም ሲገነባ ይጎድላል። ቀይ የደም ሴል ሊሆን የነበረው ሴል ጉድለቱን ሲያውቅ ሳያድግ ራሱን ያጠፋል። ደም የሚያንሳት ለዚህ ነው። አውራ ጣቷንም ይዩት፤ በሁለት ፈንታ እንደ ሌሎቹ ጣቶቿ ሦስት አንጓ አለው። ይህም ከበሽታው ጋር ይወረሳል። አንዳንድ ዘመድ ጣቱ ብቻ እንዲህ ሆኖ ጤነኛ ሊኖር ይችላል።»

«እንግዲያው ከእናቷ ወገን ነዋ» አሉ አማቷ፣ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሰብስበው።

ምራታቸው ከጠረጴዛው ላይ ወረቀት አንሥታ ጻፈችበት።

«ከእናንተ ዘር እንዳልመጣ ይፈርሙልኝ፣ ዛሬውኑ እወጣለሁ። ካልፈረሙ ግን ከቤቴ ማንም አያስወጣኝም።»

«ምን ገዶኝ፤ አምጪው።»

አማቷ ፊደል ስላልቆጠሩ፣ ምራታቸው ከሐኪሟ ጠረጴዛ የጣት ፊርማ ቀለም አንሥታ አቀረበችላቸው። የግራ እጃቸውን ዘረጉ።

«የቀኝዎን፣ እማማ» አለች ምራታቸው።

ቀኝ እጃቸው ከነጠላው አልወጣም።

ምራታቸው ቀለሙን እንደያዘች ቆማ ጠበቀች። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ማዕድ በቀረበ ቁጥር ውሃ እያፈሰሰች ያስታጠበችው ያንን እጅ ነበር።