ጥራት እንዲህ ነው

ሰውየው ለኮምፒውተር ጌም የሚሆን፣ ጥራቱ ፎር ኬ፣ ዋጋው ደግሞ ኪስ የማይጎዳ ቴሌቪዥን ፍለጋ መርካቶን ክረምቱን ሙሉ ሲያምሳት ከረመ። ሻጮቹ ከሩቅ ሲያዩት መደበቅ ጀምረው ነበር። የተከፈተ ስክሪን ሁሉ ላይ አፍንጫውን ይለጥፍና፣ "ይሄ ምኑ ጥራት ነው? የሳሩ ቅጠል እንኳ አንድ በአንድ አይታይም!" ብሎ ያጣጥላል። የሚስቱ ወንድም የሙላው ቴሌቪዥንማ "ጭጋጉ" የሚል ስም ወጥቶለታል።

በመጨረሻ ልቡ የወደደውን አገኘ። ሚስቱ ለፍሪጅ መግዣ ያስቀመጠችውን ብር ደርቦ ገዛና ሙላውን ጠራው፤ ጥራት ምን እንደሆነ በዓይኑ እንዲያይ።

ሙላው መጥቶ፣ ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ ያልወለቀለት ሶፋ ላይ እየተንሸራተተ ተቀመጠ። የመኪና ውድድሩ ጌም ተከፈተ። መኪናውም መንገዱም ድብዝዝ ያለ ነው።

"ጋሼ፣ ጭጋግ አለ እንዴ?"

"ጌሙ ውስጥ ክረምት ነው" አለ ሰውየው ኮስተር ብሎ።

ሙላው ዓይኑን አሸት አሸት አደረገና ብድግ ብሎ ተጠጋ። ከፋብሪካ የመጣው ላስቲክ ከነአቧራው ስክሪኑ ላይ እንደተለጠፈ ነው። ጫፉን በጥፍሩ ያዝ ሲያደርገው ሰውየው ዘሎ እጁን መታው።

"አብደሃል? ይቧጨርብኛል!"

"ታዲያ መቼ ሊላጥ ነው?"

ሰውየው ሚስቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጡት የምታጠባትን ሕፃን ልጁን በአገጩ አመለከተ።

"ለሷ ሰርግ።"