ቆሞ የሚጠጣው መኪና

እትዬ አበሩን በብብታቸው ይዤ እጎትታለሁ። እግራቸው አሸዋው ላይ መስመር እያወጣ ይከተለናል። ከኩሽናው በር እስከ መኪናው ጥላ ያለው ግቢ እንደ ዛሬ ሰፍቶብኝ አያውቅም።

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ሐምሌ ነው፤ ከበረሃ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ የጅቡቲ ሀብታሞች ሰፈር የሆነችውን ሀራሙስን አፍኖ ይዟታል። አሠሪዎቻችን፣ ማዳምና ሙሴ፣ እንደ ወትሯቸው ሙቀቱን ሸሽተው ፈረንሳይ ሲሄዱ ትልቁን ቤት ቆልፈውታል። ለእኔና ለወጥ ቤቷ ለእትዬ አበሩ የተውልን ከኋላ ያለችውን የቆርቆሮ ክፍልና አንድ ቬንትሌተር ነው። እሱም መብራት ሲጠፋ ጌጥ ነው።

እትዬ አበሩ ሽንኩርት እየላጡ ሳለ ንግግራቸው ተምታታ፤ ከዚያ ወደቁ። ግንባራቸው ያቃጥላል፤ ላብ ግን የለም። ዘበኛው ታክሲ ፍለጋ ሮጦ ወጥቷል። ይሁን እንጂ ጫት ከተማ የገባበት ሰዓት ነው፤ በዚህ ሰዓት ጅቡቲ ውስጥ ባለታክሲ ለወለደችው እናቱም አይነሳም።

የቀረኝ የሙሴ መኪና ነው። ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ዝቅ ያለ የስፖርት መኪና። ሙሴ ሲሄድ ያዘዘኝ በየቀኑ ሞተሩን አስነስቼ፣ ኤሲውን ከፍቼ ትንሽ እንዳቆየው ነው፤ ባትሪው እንዳይሞት፣ የወንበሩ ቆዳ በሙቀት እንዳይሰነጠቅ። ውስጡ መቀመጥ ክልክል ነው። እኔ ውጭ ቆሜ እየቀለጥኩ ቆዳው ይቀዘቅዛል። ስንት ቀን እንዲህ ቆሜ እንደተሳደብኩ እኔና እግዜር ነን የምናውቀው።

ዛሬ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጬ እትዬ አበሩን አስተኛቸዋለሁ። ነጠላዬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ደረታቸው ላይ እጥላለሁ። እኔም በመሪው በኩል ገብቼ ማስነሻውን እጫናለሁ። ሞተሩ ያገሳል። ኤሲውን እስከ መጨረሻው እከፍተዋለሁ። ነጠላውን ደጋግሜ እያራስኩ፣ ስማቸውን እየጠራሁ እቀመጣለሁ። አይመልሱልኝም። የነዳጁ መርፌ ደግሞ ይወርዳል።

የግቢው በር ሲከፈት ዘበኛው መስሎኝ ነበር። ዓብዱረዛቅ ነው፤ የሙሴ ታናሽ ወንድም። ጓደኛው በር ላይ ጥሎት ሄዷል። ጫቱ እንዳይጠወልግበት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎታል። እዚህ በረንዳ ላይ ከመቃሙ በፊት ሁልጊዜ የነዳጁን መርፌ ያያል፤ ወንድሙ አደራ ያለው እሱን ነው። ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው ከእኔ አያንስም።

"አንቺ! ማን ተቀመጪ አለሽ?" በሩን ይበረግደዋል። መርፌውን ሲያይ እጁን ራሱ ላይ ይጭናል። "ወላሂ ጨረስሽው! ይሄ እኮ ታክሲ አይደለም። ስምንት ሲሊንደር ነው፣ ቆሞ እንኳ ይጠጣል! ጎማው ከዱባይ፣ ዘይቱ ከዱባይ፣ የሚነካው መካኒክ ራሱ ከዱባይ ነው የሚመጣው። ወንድሜ እንኳ ሲነዳው እየሳሳ ነው።"

"እትዬ አበሩን ሙቀት መቷቸው ነው። እስቲ ይዩአቸው።"

ያያል። አይቶም፣ "ውሃ አጠጫትና አጥፊው" ይለኛል።

አንቱታዬ እዚህ ላይ ያልቃል። "አላጠፋም። ወይ ሆስፒታል ንዳልን፣ ወይ በሩን ዝጋው። ቅዝቃዜው እየወጣ ነው።"

"ኪሎሜትሩን ፎቶ አንስቶት ነው የሄደው! ነዳኸው ይለኛል።"

"ይበልሃ!"

ማጥፊያውን ሊጫን እጁን በላዬ ሲሰድ በሁለት መዳፌ እሸፍነዋለሁ። "መጀመሪያ እጄን ስበር" እለዋለሁ። እጁን ይመልስና ስልኩን ያወጣል።

ሙሴ ከፈረንሳይ ያነሳል። ዓብዱረዛቅ በሶማሊኛ እየተጣደፈ ይነግረዋል፤ የእትዬ አበሩንም ስም ይጠራል። ከዚያ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ይከፍተዋል። የእኔ ሶማሊኛ ለገበያ ያህል ነው፤ የሙሴ ጥያቄ ግን ይገባኛል። ነዳጁ ስንት ቀረ ነው የሚለው።

ልጆቹን ከጡጦ ጀምሮ አብልተው ያሳደጉለት ሴት አፋቸውን ከፍተው አጠገቤ ተኝተዋል። እሱ ግን ምን ሆነች አይልም። እጠላዋለሁ፤ በሙሉ ልቤ እጠላዋለሁ።

"ሩብ፣ ሙሴ" እላለሁ በሰባራው ሶማሊኛዬ። "እሱንም እጨርሰዋለሁ።"

ስልኩ ውስጥ ጩኸት ይነሳል። ዓብዱረዛቅ ስልኩን ያያል፤ ከዚያ እትዬ አበሩን ያያል፤ አሁን ገና ያየ ይመስላል። ረመዳን በመጣ ቁጥር ሳምቡሳ ጠብሰው የሚያስቀምጡለት እሳቸው ናቸው። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ወንድሙ እየጮኸ እያለ ስልኩን ይዘጋዋል።

"ተነሽ ከመሪው።"

"አላጠፋም አልኩህ እኮ!"

"ወደ ኋላ ግቢ እንጂ! አንቺ ተቀምጠሽበት እንዴት ልንዳው?"

ለድመት እንኳ በማይበቃው የኋላ ወንበር ላይ ተጣጥፌ እገባለሁ። ጫቱን በረንዳው ላይ ወርውሮ ይገባል። መኪናው ከግቢው ሲወጣ ዘበኛውን እናልፈዋለን፤ ታክሲ አጥቶ በእግሩ ሲመለስ ነው። መንገዱ ባዶ ነው። ከተማው በሙሉ ጫቱ ላይ ተቀምጧል።

"ኤሊዬ" ይላል ከፊት ወንበር ስሜን የሚያቆላምጥ አንድ ቀጭን ድምፅ።

"አቤት! አቤት እትዬ!"

"በረደኝ።"

ዓብዱረዛቅ ኤሲውን ሊቀንስ እጁን ይሰዳል። ከኋላ ተንጠራርቼ እጁን እመታዋለሁ።

"ይብረዳቸው!" እለዋለሁ፤ እንባዬ ይወርዳል። "ይብረዳቸው፣ አንተ ንዳ!"