ወደ ማዶ

ውብነሽ መካኒሳ ያለችውን ቁርስ ቤቷን ከፍታ እሳት እንዳያያዘች፣ መኪና የገጫት አህያ ደጃፏ አስፋልቱ ዳር ተዘርራ አየች። አስፋልቱ የሁለት ወረዳ ድንበር ነበር። ባለፈው ውሻ ሲሞት ሁለቱም ወረዳዎች «የእኛ አይደለም» እየተባባሉ ትተውት፣ ሸቶ ሸቶ ደንበኛ አሽሽቶባታል። ዛሬ ግን ቀደመቻቸው። ጎረቤቷን ጎሚስታውን አናስን ጠርታ፣ የበድኗን የኋላ እግሮች በገመድ አሰሩ።

«ማዶ ካደረስናት በቃ የነሱ ናት፣ እትዬ» አለ አናስ።

«ቢሮ ሳይገቡ ቶሎ በል!»

ገመዱን ትከሻቸው ላይ አድርገው ጎተቱ። ከአህያዋ ወገብ ያልተፈታው የጭነት ማሰሪያ አስፋልቱን እየፋቀ ተከተላቸው። መሀል መንገድ ሲደርሱ አናስ ወደ ኋላ ዞረና ቀጥ አለ።

«እትዬ... ጆሮዋ ተንቀሳቀሰ።»

ውብነሽም አይታ ነበር። ማዶ ያሉት ባለሱቆች በራቸውን መክፈት ጀምረዋል።

«ነፋስ ነው፤ ሳብ!» አለችው፣ ገመዱን እጇ ላይ እየጠመጠመች።

አናስ አንገቱን ደፍቶ ሳበ። ከቁርስ ቤቷ የሚወጣው ጭስ ግን ወዲህም ወዲያም ሳይል፣ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይወጣ ነበር።