ሁለተኛው ጉድጓድ

«ጎትቺ» ይላል ከሥር የሚመጣው ድምፅ፤ ሳራን የምትባለው ሴት ገመዱን ትጎትታለች። ገመዱ መዳፏን ከላጠው ቆይቷል። ባልዲው የጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርስ የባሏ እህት ዲያካ ትቀበላትና አፈሩን ትደፋለች። ሳራን የተደፋውን ላለማየት ትታገላለች፣ ግን ታያለች። ቁራጭ ጨርቅ፣ ጫማ፣ የሆነ የባሏ ነገር ትፈልጋለች። ምንም የለም፤ ቀይ አፈር ብቻ ነው።

ባሏ ላንሲኔ ከትናንት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እዚያ ታች ነው። ወርቅ ሲቆፍር ግድግዳው ተንዶ ዘጋበት። የተደፈነውን ጉድጓድ መልሶ መክፈት የላላውን አፈር እላዩ ላይ መጫን ስለሆነ፣ አጠገቡ ሌላ እየቆፈሩ ነው፤ ወርደው ወርደው ከዚያ በጎን ሊገቡለት። እዚህ አገር ወንድ ይቆፍራል፣ ሴት ትጎትታለች። የተቀበረው የራስሽ ባል ሲሆንም ያው ነው።

ባባ ናሞሪ አፋፉ ላይ ተቀምጠዋል። የቆፋሪዎቹ ሽማግሌ ናቸው፤ የት እንደሚቆፈር፣ መቼ እንደሚቆም የሚያዙት እሳቸው ናቸው። ትናንት ሥራው ሲጀመር ሁለት ነገር ከለከሉ፤ የሰውየውን ስም መጥራትና «ስንት ቀረ?» ብሎ መጠየቅ። የላንሲኔ ታናሽ ወንድም እኔ ልውረድ ብሎ እግራቸው ላይ ወድቆ ነበር። «አንተማ እያለቀስክ ነው የምትቆፍረው» ብለው መለሱትና ባንጋሊን አወረዱት። ባንጋሊ የትራኦሬ ወገን ነው፣ ላንሲኔ ደግሞ የኮንዴ። ሁለቱ ወገኖች ከቅድመ አያት ጀምሮ በቀልድ የሚሰዳደቡ ናቸው፣ ሠርግም ላይ ለቅሶም ላይ፤ ማንም ማንንም አይቀየምም።

«ይሄ ባቄላ በሊታ» ይላል ባንጋሊ በተለመደው የወገኖቹ ስድብ፣ ከሥር እያለከለከ፣ «ጉድጓዱን በቦርጩ ልክ አስፍቶት ኖሯል እኮ። ታዲያ አፈሩ ምን ያድርግ?»

«ዝም ብለህ ሙላ» ትለዋለች ዲያካ። «ትራኦሬ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሥራ ያወቀው።»

ሳራን ሳቅ ከየት ይምጣላት። ጧት ያደረገችውን ታውቃለች። ጎህ ሲቀድ ጆሮዋን መሬት ላይ ደፍታ ሳለ፣ ኳ ኳ የሚል ነገር ሰማች፤ ወይም የሰማች መሰላት። «አለ! ላንሲኔ አለ! ባንጋሊ፣ በሞቴ ፍጠን!» ብላ ጮኸች። ባንጋሊም ሰው ነው። ስድቡን ትቶ፣ የድጋፍ እንጨት ሳያቆም፣ እንደ እብድ በጎን መቆፈር ጀመረ። ግድግዳው ተንሸራቶ እስከ ወገቡ ዋጠው። እሱን ለማውጣትና የሞላውን አፈር ለመጥረግ ግማሽ ቀን ሄደ። ላንሲኔ ስንት ትንፋሽ እንደቀረው ማንም አያውቅም፤ እሷ ግን የበላችበትን እየቆጠረች ትጎትታለች።

ባባ ናሞሪ አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«ልጄ» አሏት፣ «ባልሽን ላውጣ ካልሽ ትቸኩያለሽ። እሱን ተዪው፣ አፈር አውጪ። አንድ ባልዲ፣ ከዚያ ሌላ ባልዲ።»

«እንዴት አድርጌ ባባ? እሱ እኮ ነው ያለኝ።»

«እንጃ። እኔም የራሴን ልጅ ሳወጣ አላወቅኩም።»

«በሕይወት አወጡት?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከግድግዳው አልነቀሉም። «አወጣሁት» አሉ፣ በቃ።

አሁን ፀሐይዋ አዘንብላለች። ሳራን ቀኝ እጇን ታያለች፣ ግራ እጇን ታያለች። ቀኝ፣ ግራ። ጥቂት ባልዲ እንዲህ ይሄድላታል። ከዚያ ሐሳቧ ሾልኮ ጨለማው ውስጥ ይወርዳል፣ አፉን አፈር ሞልቶት ይሆን ይላል፣ ተጠማ ይሆን ይላል፤ ጮኻ መሬቱን በጥፍሯ መቧጨር ያምራታል። ጥርሷን ነክሳ ትመልሰዋለች። ደግሞ ቀኝ፣ ደግሞ ግራ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ባልዲዎች ሲደፉ እንዳላየቻቸው ልብ አላለችም።

ድንገት ከሥር ስድቡ ይቋረጣል። የአካፋው ድምፅም ይቆማል። ባባ ናሞሪ እጃቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

«ባባ» ይላል ባንጋሊ። ድምፁ ውስጥ ቀልድ የለም። «እግር አገኘሁ።»

ዲያካ ልትጮህ ስትል ሻሿን አፏ ውስጥ ትወትፋለች።

«ጉልበቱ ድረስ ነው የሚታየኝ» ይላል ባንጋሊ። «እጄ ደንዝዟል፣ ሙቀቱንም ቅዝቃዜውንም አልለይም። ከጉልበቱ በላይ ያለው አፈር ገና ብዙ ነው።»

ሁሉም ወደ ሳራን ይዞራል። ጥያቄው የሷ ነው። ይንቀሳቀሳል? አንዲት ቃል ናት፣ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ባንጋሊም ያችኑ ቃል እየጠበቀ ነው፤ ብትጮህለት እግሩን ይዞ ይስባል፣ ግድግዳውም ይከተለዋል። ባባ ናሞሪ አይከለክሏትም። ያዩዋታል ብቻ። ለማወቅ ትጓጓለች። ግን ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም እላዩ ላይ ያለው አፈር ያው አፈር ነው፤ በባልዲ እንጂ በሌላ በምንም አይወጣም።

ባዶውን ባልዲ ከዲያካ እጅ ትወስዳለች። ግድግዳውን እንዳይመታ ገመዱን ቀስ እያለች ትለቃለች፣ ክንድ በክንድ፣ እስኪላላ ድረስ።

«ሙላ» ትላለች።