የጠበቀው ብሎን

ባልየው ጠረጴዛው ስር ተንጋሎ ሚስቱ ለኮምፒውተር የበረራ ጨዋታዋ የገዛችውን አዲስ የነዳጅ መስጫ እጀታ ከጠረጴዛው ጋር በብሎን ያስር ነበር። እሷ ከላይ ኮምፒውተሩ ላይ አውሮፕላን ልታስነሳ ተሰናድታ፣ በአካል አይታው ከማታውቀው የበረራ ጓደኛዋ ጋር ትስቃለች። እንዲህ ያለ ሳቅ ለባሏ ከሳቀችለት ስንት ዘመኑ!

«ቀስ አድርገሽ ግፊው፣ ካፒቴንዬ» አለ ሰውየው በስፒከሩ።

ካፒቴንዬ! ባልየው ብሎኑን አጥብቆ አዞረው።

«ጠበቀልህ?» አለችው ሚስቱ።

«ገና ነው።» ጠብቆ ካበቃ ቆይቷል። ጥርሱን ነክሶ አንዴ ሲጨምርበት ፕላስቲኩ ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀና እጀታው ወለሉ ላይ ወደቀ።

ሚስቱ ደንግጣ ተንበረከከች። እጀታውን ዞር ብላም አላየችው፤ የባሏን እጅ አፈፍ አድርጋ «ውይ፣ ቆረጠህ እንዴ?» አለችው።

ምንም አልቆረጠውም። ከላይ ሰውየው «ሃሎ? ሃሎ?» እያለ ሲጣራ፣ እሱ ጣቶቹን ጨብጦ «በጣም» አላት።