ባለ ቫልቮላው ማጉያ

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ እኮ ብልሽት አይደለም! ድምፁ እንዲህ ሲሻክር ነው ጣሙ" አለ ጊታረኛው ስለሺ ለሦስተኛ ጊዜ። የአሰብ ሙቀትና ንዴቱ ተባብረው ሸሚዙን ከጀርባው ጋር አጣብቀውታል። በዓብዱልሐኪም ሱቅ ሁለት የጊታር ማጉያዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ አዲስ ባለ ትራንዚስተር፣ ሌላው ከመርከበኛ የተገዛ፣ እንደ አምፖል በሚግሉ ብርጭቆዎች የሚሠራ አሮጌ ባለ ቫልቮላ። የነዳጅ ማጣሪያው ኪነት ቡድን የተፈቀደለት አንድ ብቻ ነው። የቡድኑ ሊቀመንበር አንገቱ ላይ ባለው ፎጣ ግንባሩን ጠረገና፣ "የምንገዛው ለሰልፍ ነው። እስቲ የሰልፉን ዜማ በዚህ በአሮጌው ምታልኝ" አለ።

ስለሺ ጥርሱን ነክሶ ቫልቮላዎቹ እስኪግሉ ጠበቀ። እንደ ፍም ሲቀሉ ዜማውን ጀመረ፤ ጣቱ ግን አልታዘዘውም። አዘገመበት፤ ክሩን እየገፋ አስረዘመው። ማጉያው አጓራ፤ የሰልፉ ዜማ ሙሾ ሆኖ ወጣ። ዓብዱልሐኪም የሚያራግብበት ካርቶን እጁ ላይ ቀረ።

ሲጨርስ ሊቀመንበሩ ፊቱን በፎጣው ሸፍኖ ነበር። ቆይቶ ሲገልጠው ላቡ ግንባሩ ላይ እንዳለ ነው፤ የተጠረገው ዓይኑ ነበር።

"ገባህ አይደል?" አለ ስለሺ፣ "ጓድ" ማለቱን ረስቶ።

"ገብቶኛል" አለ ሊቀመንበሩ፣ ድምፁ ሻክሮ። "አዲሱን ጫኑት።"