የበግ ሌባው መዶሻ እጀታ

ሌላ አገር ሰው ሌባ ቅድመ አያቱን ይደብቃል። በአውስትራሊያዋ ደሴት በታዝማኒያ ባለች አንዲት ከተማ ግን አንገቱን የሚደፋው ሌባ ቅድመ አያት የሌለው ነው። ከእንግሊዝ በካቴና ታስሮ የመጣ ወንጀለኛ ዘር መሆን እንደ መሳፍንት ልጅነት ያስከብራል። የግሌኒስ ፓርፊትን ልብ ያሳበጠውም ይኸው ነው።

ግሌኒስ የእስረኛ ዘሮች ማኅበር ሊቀመንበር ናት። ቅድመ አያቷ ኤቤኔዘር በግ ሰርቆ ተግዞ መጣ ትላለች። በእስረኞቹ መርከቦች መዝገብ ስሙን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው። "ጸሐፊው ሰካራም ነበር" ብላ ነገሩን ዘጋችው። ለእሷ ማስረጃዋ ከእናቷ የወረሰችው እጀታ ነው፤ ኤቤኔዘር ድንጋይ የፈለጠበት የመዶሻ እጀታ። በየገናው ጫፉ ላይ ባሉት ዘጠኝ ቀዳዳዎች ሪባን እያሰረች በሯ ላይ ትሰቅለዋለች። አውራ ጣት የቦረቦረው ጎድጓዳም አለው፤ የእሷ ጣት ግን ገጥሞት አያውቅም። "የድሮ ሰው እጅ ሌላ ነበር" ትላለች።

የምትንቀው ሰው ብዙ ነው። ከሁሉ አብልጣ የምትንቀው ግን ጎረቤቷን ኬልቪን ዱጋንን ነው፤ ጡረታ የወጣ ቧንቧ ሠራተኛ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን መብላት አንገሽግሾት፣ አባላቱ አብረው የሚበሉበት ማኅበር እንዲቀበለው ደጋግሞ ለምኗል።

ችግሩ እጁ ነው። እስረኞቹን ይገርፍ የነበረውን ሰው የከተማዋ ሰው በስሙ እንኳ አይጠራውም፤ ግራኝ እንደነበረ ግን ሕፃን አዋቂው ያውቃል። ኬልቪንም ግራኝ ነው።

"ዘር ከልጓም ይስባል" አለችው በስብሰባው ፊት። "በዚያ እጅህ ሹካ ይዘህ እኛ ገበታ ልትቀርብ?"

"በዚህ እጄ ሻይ ነው የማማስለው፣ ግሌኒስ። ሰው አልገረፍኩበትም።"

"ቅድመ አያትህስ?"

"ስለ እሱ የነገረኝ የለም።"

"ማን ደፍሮ ይንገርህ!"

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እሷም እዚያው አስወሰነች፦ የገራፊ ዘር፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከማኅበሩ ማዕድ አይቀመጥም። ኬልቪን ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ የድሮው እስር ቤት ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ግሌኒስ እጀታዋን በከፋይ ጨርቅ ጠቅልላ ለማበርከት መጣች። የቤቱን ቧንቧ በነፃ የጠገነው ኬልቪንም ከኋላ ቆሟል።

"ይህ የገራፊው ጅራፍ ነው" አለች የሙዚየሙ ኃላፊ፣ መስታወቱ ውስጥ የተንጠለጠሉትን ባለቋጠሮ ገመዶች እያሳየች። "የቀረው ገመዱ ብቻ ነው። እጀታውን ሥራውን ሲለቅ ይዞት ሄደ ይባላል።"

"ለካ ሌባም ኖሯል!" አለች ግሌኒስ። "ይሄስ ሌብነትን ያዋርዳል።"

ሰዉ ሳቀላት። ሳቁ ደስ አሰኛትና ወደ ኬልቪን ዞረች።

"እንካ አንተ፣ የጨዋ እስረኛ ዕቃ ምን እንደሚመስል እይ!" ብላ እጀታውን ወረወረችለት።

ኬልቪን በለመደው ግራ እጁ ቀለበው። አውራ ጣቱ ጎድጓዳው ውስጥ ልክክ አለ።

እጁን አየ። የጫፉን ቀዳዳዎች አየ። ከዚያ ወደ መስታወቱ ቀረብ ብሎ ገመዶቹን አንድ ባንድ ቆጠረ።

ዘጠኝ ነበሩ።